እርጉዝ ውሻ በአደራ ያዙልን ብለውናል፤ ልምድ ያላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው በኪራይ አፓርታማ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ልጆቹ ውሻ ውሻ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ የውሻ መጠለያ ዘንድ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግበን ነበር። አሁን ደውለው፣ መንገድ ላይ የተገኘች እርጉዝ ውሻ አለች፣ እስክትወልድና ቡችሎቹ ከፍ እስኪሉ ትይዙልናላችሁ ወይ አሉን። ልጆቹ ከወዲሁ ስም ማውጣት ጀምረዋል። እኔ ግን እንኳን ውሻ ድመት ስትወልድ አይቼ አላውቅም። በሰው አገር ደግሞ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂነቱ ያስፈራኛል። የሞከራችሁት ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

*

ሰላም እህቴ። እኔ ደጋግሜ ይዣለሁ፤ ይቻላል። ማዋለዱን ብዙ አትፍሪው፣ አብዛኛውን እሷው ትጨርሰዋለች። ከባዱ እሺ ከማለትሽ በፊት ያለው ንግግርና ከወለደች በኋላ ያሉት ስምንት ሳምንታት ናቸው።

መጀመሪያ አከራይሽን ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። አንድ ውሻ የፈቀደ ሰው ሰባት ቡችላ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መጠለያው። ውሻዋ በአደራ አንቺ ጋ ብትሆንም ባለቤቶቿ ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሕክምናውን ወጪ እነሱ መቻላቸው ውሉ ላይ ተጽፎ እይ። ሌሊት ምጥ ቢጠናባት የት ክሊኒክ ነው የምወስዳት? ኦፕራሲዮን ካስፈለጋት ማን ይፈቅዳል? ስልኩን በዚያ ሰዓት የሚያነሳው ማን ነው? ለእነዚህ «ያኔ እናየዋለን» የሚል መልስ ከሰጡሽ እኔ ብሆን አልቀበልም።

የእኛ የስደተኞቹ ጣጣ ደግሞ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደናግጦ በሰው ቋንቋ በስልክ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ቀን ጥሩ የሚናገር ሰው እንኳ ያኔ ቃል ይጠፋበታል። አስቀድመሽ በአገሩ ቋንቋ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። አድራሻሽ፣ የውሻዋ ክብደት፣ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እያማጠች ነው»፣ «ይህን ያህል ወልዳለች፣ ይህን ያህል ይቀራታል»። ባለቤትሽም ቢደውል ከዚያው ያነባል።

የቀረውን ለማወቅ ግን ቁጥሩ መታወቅ አለበት። መንገድ ላይ የተገኘች ስለሆነች መቼ እንዳረገዘች የሚነግርሽ የለም። የውሻ እርግዝና ወደ 63 ቀን ገደማ ነው። ከ55ኛው ቀን በኋላ የቡችሎቹ አጥንት በራጅ በደንብ ስለሚታይ ሐኪሙ ሊቆጥራቸው ይችላል። ይህን ራጅ ሳያስነሱ እንዳያስረክቡሽ። አለበለዚያ ጨርሳ ነው የተኛችው ወይስ አንዱ ሆዷ ውስጥ ቀርቷል የሚለውን በምን ትለያለሽ?

ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ በጎኗ ተዘርግታ የምትተኛበት ሳጥን አዘጋጁላት። ዳርና ዳሩን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ዘንግ ይኑረው፤ አለዚያ እናትየው ስትተኛ ቡችላ ከግድግዳው ጋር ታጣብቃለች። ቀደም ብላ ትልመደው። ካልለመደችው ሶፋሽ ላይ ወይ አልጋሽ ሥር ትወልድልሻለች።

መጨረሻው ሲቃረብ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣ ሙቀቷን ለኪ። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ናት። ወደ 37 ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራታል። ከዚያ ምግብ ትተዋለች፣ ታለከልካለች፣ ፎጣውን ትቧጥጣለች፣ አንዴ ትነሳለች አንዴ ትተኛለች። ይህ ብቻውን ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ልጆቹን በር ላይ አትደርድሪያቸው።

ቡችላው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይመጣል። እናትየው ሽፋኑን ቀዳ፣ እትብቱን በጥርሷ ቆርጣ ትልሰዋለች። በእግሩ ቢመጣም አትደንግጪ፣ በውሻ የተለመደ ነው። እሷ ወዲያው ካልቀደደችው አንቺ ከአፍንጫው ላይ ግፈፊለትና በፎጣ እሺው። እትብቱን እንዳትጎትቺ። የግድ ከሆነ ከሆዱ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አርቀሽ በንጹሕ ክር እሰሪና ከክሩ ወዲያ ቁረጪ። ከዚህ አልፈሽ እጅሽን አታስገቢ።

በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት ካለፈ ደውዪ። ቡችላ እንደቀረ እያወቅሽ ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ካለችም ደውዪ። የመጀመሪያው ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ካየሽ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ተላቋል ማለት ነውና ደቂቃም አትጠብቂ። አንዱ ከተወለደ በኋላ ያው ፈሳሽ ቢታይ ግን ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራሽ ሙቀትና ሚዛን ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ሲበርደው መንቀጥቀጥ እንኳ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ጥግ ወደ 30 ዲግሪ ይሁን። እናትየው ግን ሲሞቃት የምትሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተዪላት። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን እንገሩን መጥባታቸውን እይ። በሽታ የሚከላከሉበት ከዚያ ነው።

ለእያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ያለው ሪባን አድርጊና በየቀኑ በግራም መዝኚ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢቀንስ ምንም አይደለም። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ መጨመር አለበት፤ በአሥር ቀን ገደማም እጥፍ ይሆናል። ሁሉም ቡችላ ለዓይን ድቡልቡል ነው፤ የሚደክመውን ቀድሞ የሚያሳብቀው ሚዛኑ ነው። የቀዘቀዘ ቡችላ ካገኘሽ ደግሞ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ አሙቂው እንጂ ወተት አትስጪው፤ በብርዱ ሆዱ አይፈጭለትም። ከጡት ውጭ ከተመገበም ለቡችላ የተዘጋጀ ወተት ይሁን። የላም ወተት አይሆንም።

*

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን ብዙውን ብላዋለች። እኔ የምጨምረው ስለ እናትየው ነው፤ ቡችሎቹ ሲመጡ ሰው ሁሉ እሷን ይረሳታል። በሚያጠቡበት ሳምንታት የአንዳንዶቹ ካልሲየም በአንዴ ይወርዳል፤ በተለይ ትንንሽ ሆነው ብዙ የወለዱት። ብትንቀጠቀጥ፣ እግሯ ድርቅ ቢል፣ ብትንገዳገድ ነገ እናያለን አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ነው የምትወሰደው። ታዲያ ቀድሜ ልከላከል ብላችሁ በእርግዝናዋ ጊዜ የካልሲየም ክኒን እንዳትሰጧት። ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ማውጣቱን ይተዋል፣ ችግሩም ይብሳል። በምትኩ ለቡችላ የሚሸጠውን ምግብ ስጧት፣ ኃይል አለው። ጡቷንም በየቀኑ ዳብሱ። አንዱ ከጠጠረና ካተኮሰ ሐኪም ይየው።

ሌላው የሥራ ነገር ነው። ሁለታችሁም ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውሉ ከሆነ ይቅርባችሁ። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስለምንሠራ ነው የቻልነው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የለም። ለልጆቹም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሁሉን በትክክል አድርጋችሁም አንዱ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሞት ይችላል።

*

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። አከራዩን ዛሬውኑ ጽፌለታለሁ። ልጆቹ መቼ ነው የሚነኳቸው? አንዱን እናስቀረው ቢሉኝስ?

*

ዓይናቸው የሚከፈተው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ከአንቺ ጋር ሆነው ይዩ፣ ሲመዘኑ ይጻፉ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ልጆች ያሉበት ቤት ለቡችላ እንደ ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ የሰው እጅ፣ የሕፃን ጩኸት፣ የመጥረጊያ ማሽን ድምፅ የለመደ ቡችላ ሲያድግ አይበረግግም። ወለል ላይ ተቀምጠው ይያዟቸው፣ ከእጅ ያመልጣሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ብዙ ቡችሎች ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ የአንጀት ትል ይዘው ይወለዳሉ፤ ትሉም ወደ ሰው ይተላለፋል። የትል መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሰጣቸው መጠለያውን አስታውሺ።

ስለ ማስቀረቱ፣ ለመጠለያውም ለአከራዩም በጊዜ ተናገሪ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የምታስቀሩ ከሆነ እናትየዋን አስቀሩ። ለቡችላ ፈላጊ አይጠፋም፤ ወደ መጠለያ የምትመለሰው እሷ ናት። ቡችሎቹ ሄደው ወተቷ ሲደርቅ ሐኪም ያመክናታል፣ ሌላ ምጥ የለም። ያኔ ደግሞ የቤታችሁን ሰዓት ሁሉ አውቃዋለች። ለቡችላ ግን ምንጣፉ ላይ እንዳይሸና ከማስተማር ነው የምትጀምሩት።