የጡረታ ቁጠባዬን የውጭ አገር አክሲዮን ፈንድ ላይ ላውለው ወይስ አዲስ አበባ ቤት ልግዛ?

ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤቴ የጡረታ ቁጠባ፣ ይኸውም 401ኬ፣ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ኩባንያዎችን አክሲዮን ብቻ የሚይዝ ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰዎች ገንዘብ ተሰብስቦ በጋራ የሚውልበት) ነው፤ የዓመት ክፍያው 0.95 በመቶ እንደሆነ በቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ገንዘቡን ለ25 ዓመት ላለመንካት አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ ታላቅ ወንድሜ አያት አካባቢ ለሚገዛ ቤት ቅድመ ክፍያ እንድልክ አጥብቆ ጠይቆኛል። ፈንዱ ይበጃል? አንድ ቀን ጠቅልዬ አገሬ ብገባስ ምን ይሆናል?

ጋሽ ታደሰ (ዳላስ)፦
ሰብልዬ፣ አሠሪሽ በመዋጮሽ ላይ የሚጨምረው ድርሻ ካለ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ እርሱን ሙሉ በሙሉ የሚያስገኝልሽን ያህል ቆጥቢ። ከዚያ ክፍያውን ተመልከቺ፦ 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ እያደገ 25 ዓመት ቢቆይ 54,000 ገደማ ይደርሳል፤ በየዓመቱ 0.95 በመቶ ሲቀነስለት ግን 43,000 ገደማ ላይ ይቀራል። በዝርዝሩ ውስጥ ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም በአንድ የገበያ መለኪያ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች እንዳሉ የሚይዝ ፈንድ ካለ፣ አክሲዮን እየመረጠ ለሚገዛ ባለሙያ ስለማይከፈልበት ክፍያው ዝቅተኛ ነውና እርሱን ምረጪ። እነዚህ አክሲዮኖች የሚገበያዩት በየን፣ በዩሮና በፓውንድ ስለሆነ ዶላር ሲጠነክር ዋጋቸው በዶላር ሲታይ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የበለጸጉ አገሮች ገበያ ከ40 በመቶ በላይ መውረዱንም አትዘንጊ።

ዮናስ (ሚኒያፖሊስ)፦
ጋሼ፣ 25 ዓመትም ላይበቃ ይችላል። የጃፓን አክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ ዳግም ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። እኔ ሙሉውን በአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ አውያለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦
ያ የአንድ አገር ታሪክ ነው፤ ፈንዱ ደግሞ በብዙ አገሮች የተበተነ ነው። የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500ም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 በነበሩት ዐሥር ዓመታት የትርፍ ድርሻው ተደምሮለት እንኳ ከኪሳራ አልወጣም። ሩቡን ወይም ሲሶውን ወደ ውጭ አድርጊ የምለው ለዚህ ነው።

ኤልሳቤጥ (ሲያትል)፦
ስለ ወንድሟ ማንም አልመለሰላትም። እናቴ ገርጂ ተከራይታ ስትኖር አከራይዋ በየዓመቱ ስለሚጨምርባት የምልከው ሁሉ በኪራይ ያልቅ ነበር፤ ቤት ከገዛንላት ወዲህ ግን ለመድኃኒቷና ለቀለቧ ተረፈ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ተጎዳ፣ እናቴ ግን ቤቷ ነበራት።

ጋሽ ታደሰ፦
ኤልሲ፣ እናትሽን በገዛ ቤቷ ማሳረፍሽ የተባረከ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰብለ ከ401ኬ አውጥታ ብትልክ፣ 59 ዓመት ተኩል ካልሞላት በቀር ከገቢ ግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት ይጠብቃታል። ቤቱስ በማን ስም ሊሆን ነው? በወንድሟ ስም ከሆነ ስጦታ እንጂ ለእርሷ ጡረታ የሚሆን ሀብት አይደለም።

ሰብለ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አገሬ ብመለስስ?

ጋሽ ታደሰ፦
አካውንቱ በስምሽ ይቆያል። ዜግነት ካለሽ ግብር ማሳወቅሽ ይቀጥላል፤ ግሪን ካርድ ከመለስሽ ግን ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከምታወጪው ላይ 30 በመቶ ሊያዝ ይችላል።

ኤልሳቤጥ፦
ጋሼ፣ ከአካውንቱ ታውጣ አላልኩም፤ ከአሁን በኋላ ከደመወዟ የሚቆረጠውን ቀንሳ ልትልክ ትችላለች። የእናቴ ቤት የተገዛው በእኔ ስም ነው፤ ውሉን በውክልና የፈረመውም ወንድሜ ነው። የሰብለን ወንድም ሳያውቁት ስለ ምን ይጠረጥሩታል?