የኔትወርክ ካቢኔው ከግድግዳ እየተነቀለ ነው፤ ነገ 6ዩ ልግዛ ወይስ 9ዩ? (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው የኔትወርክ ካቢኔ ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ግድግዳውን ለቆ ወደ ፊት ዘምሟል። ለጊዜው ከስር በሞራሌ ደግፌዋለሁ። ውስጡ ባለ 8 ፖርት ፖኢ ስዊች (በኔትወርክ ገመዱ ለካሜራ ኃይልም የሚሰጥ ማከፋፈያ)፣ ፓች ፓኔል (የገመዶች ጫፍ የሚሰበሰብበት ሰሌዳ)፣ የካሜራ ኤንቪአር (ምስል መቅጃ)፣ የፋይበር ሞደምና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ) አለ። ካቢኔው 6ዩ ነው (ዩ የቁመቱ መለኪያ ነው)፣ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ በሩም አይዘጋም። ነገ ጠዋት ሌላ ልገዛ ነው። ትንሽ ቦታ የሚይዝ ምን ትመክሩኛላችሁ? ስፋቱ 10 ኢንች የሚባለውስ ይሆናል?

ጣና ሞገድ፦ ሞራሌውን ሦስት ጨምርበትና ባለ አራት እግር ራክ (የዕቃ ማሰሪያ ካቢኔ) ይሁንልህ 😄 በል ረጅም ፊሸር ግዛ፣ ባለ 10፣ መልሰህ እሰረው። አለቀ።

ገመድ ዘርጊ፦ ወንድሜ፣ ከግዢው በፊት የዛሬ ማታውን ጨርስ። መጀመሪያ ኤንቪአሩን ከራሱ ሜኑ ዝጋው፤ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ሶኬት ከነቀልክ ቅጂው ሊበላሽ ይችላል። ቀጥለህ ዩፒኤሱን አውጥተህ ወለል ላይ አኑረው። ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፤ ውስጡ ያለችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ብቻዋን 2 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ባነሰ ክብ አትጠቅልለው። ከነቀልከው ቆቡን አልብሰው፣ ጫፉን በጣት አትንካው። ካቢኔውን ባዶ ካደረግህ በኋላ አውርደው፣ ተንጠልጥሎ አይደር።

አሁን ንገረን፦ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ጡብ ነው ወይስ ጭቃ? የካቢኔው ጥልቀትስ ስንት ነው? ይህ ሳይታወቅ 6ዩም 9ዩም ማለት አይቻልም።

ጋሽ ሜትሮ፦ ልጆች፣ ዩ ማለት ቁመት ብቻ ነው። 1ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 6ዩ ውስጡ 26.7 ሴንቲ፣ 9ዩ 40 ሴንቲ ይሆናል። ስፋቱ ሌላ ነው። 19 ኢንች ሲባል የዕቃው የፊት ሰሌዳ ከነጆሮው 482.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዕቃው በሚታሰርባቸው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ ግን 45 ሴንቲ ነው። በ10 ኢንቹ መካከሉ 22 ሴንቲ አካባቢ ብቻ ይቀራል። ኤንቪአርህን በሜትር ለካው፤ ከ22 ሴንቲ ከሰፋ 10 ኢንቹን እርሳው። ጥልቀት ደግሞ ሦስተኛው ልክ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳውም እሱን ነው። ሱቅ ገብቶ «ባለ 6 ስጠኝ» ብሎ መውጣት ቁመቱን ብቻ አይቶ ጫማ እንደመግዛት ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ባለ 15። ካቢኔው 60 ሴንቲ ጥልቀት አለው። በአራት የፕላስቲክ ፊሸር ነበር የታሰረው፣ የለቀቁት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ጣና ሞገድ፦ አልኩ እኮ፣ ረጅም ፊሸር።

ብረት በያጅ፦ ሞገድ፣ አይሆንም። ብሎኬት መሃሉ ክፍት ነው። ፊሸሩ የሚነክሰው የፊቱን ቅርፊት ብቻ ነው፣ እሱም 3 ሴንቲ ቢሞላ ነው። ያስረዘምከው ያህል ባዶው ውስጥ ይንጠለጠላል እንጂ ምንም አይጨብጥም። በድሪሉ የመዶሻ ሞድ ከተበሳ ደግሞ ቅርፊቱ ከውስጥ በኩል ተሸርፎ ይወድቃል፣ ከፊት ስታየው ግን ቀዳዳው ንጹሕ ይመስላል።

ሒሳቡን ተመልከቱት። ካቢኔው ከነዕቃው 25 ኪሎ ይሁን። ጥልቀቱ 60 ከሆነ የክብደቱ መካከል ከግድግዳው 30 ሴንቲ ይርቃል። በ6ዩ ላይ በላይና በታች ቡሎን መካከል ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ያህል ነው። 25 በ30 አባዝተህ ለ25 ስታካፍል የላይኞቹን ሁለት ፊሸሮች ወደ ውጭ የሚጎትተው 30 ኪሎ ይሆናል። ይህን ያህል ሌት ተቀን ይጎትታቸዋል፣ በር ሲከፈትና ገመድ ሲሳብ ደግሞ ይጨምራል። ያንኑ 25 ኪሎ 45 ሴንቲ ጥልቀት ባለው 9ዩ ውስጥ አስገባው፦ 25 በ22.5 ተባዝቶ ለቡሎኖቹ ርቀት ለ40 ሲካፈል 14 ኪሎ ነው። ረጅሙ ካቢኔ ከአጭሩ ይልቅ ለግድግዳው ይቀለዋል። ለግድግዳህ ጠላቱ ጥልቀት ነው።

ፋሲሎ ሰፈር፦ ለመኖሪያ ቤት ራክ ምን ይሠራል? ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ላይ ምታ፣ ዕቃውን በላዩ በቪስ እሰር። አየር ያገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ዋይፋዩ ከሞደሙ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳሎን አይደርስም።

ገመድ ዘርጊ፦ የዋይፋዩ ነገር እውነት ነው። ሞደሙ ከካቢኔው ውጭ ይሁን፣ ወይ ኮርኒስ ላይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ) ይሰቀል። ኮምፔንሳቶ ለስዊችና ለሞደም በቂ ነው። ካሜራ ያለበት ቤት ግን ኤንቪአሩ ቢቆለፍበት ይሻላል፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ስለዚህ ካቢኔ ይሁን፣ ግን 9ዩ፣ 45 ጥልቀት። ቆጥረን እንየው፦ የኃይል ማከፋፈያ 1፣ ፓች ፓኔል 1፣ የገመድ ማቀፊያ 1፣ ስዊች 1፣ ኤንቪአር ከነመደርደሪያው 2። ስድስት ሞላ፣ ሦስት ትርፍ አለህ። ዩፒኤሱ አይሰቀል፣ ወለል ላይ ይሁን፤ ግን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ከፍ ይበል፣ ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳይገባበት።

45 የሚባለው የውጭ ልክ መሆኑን አትርሳ። የፊት ሐዲዱ ከበሩ 5 ወይም 6 ሴንቲ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት፣ አለዚያ የፓች ገመዱ እየታጠፈ በሩ አይዘጋም፤ የአሁኑም በር የማይዘጋው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከኤንቪአሩ ኋላ ደግሞ ለመሰኪያው 7 ሴንቲ ያህል ተውለት። ኤንቪአሩ ራሱ ከ30 ሴንቲ በላይ ከረዘመ 45ቱ ይጠበዋል።

ማሂ ኔት፦ ስለ ሙቀት ማንም አላነሳም። ስዊቹ፣ ኤንቪአሩና ሞደሙ ተደምረው ከ40 እስከ 50 ዋት ያለማቋረጥ ቢያሞቁ፣ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ይህ ብዙ ነው። በቁም ሳጥኑ በር ላይ ከታችና ከላይ ቀዳዳ ክፈትለት፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 10 በ20 ሴንቲ ይሁን። ከታች ቀዝቃዛው ይገባል፣ ከላይ የሞቀው ይወጣል፤ ከላይ ብቻ ከከፈትክ አየሩ አይዞርም። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ በቆላ እንደሚያቀዘቅዘው አያቀዘቅዝም። 12 ሴንቲ ማራገቢያ በላይኛው ክፍት ላይ ወደ ውጭ እንዲነፋ አድርገህ እሰር። ለሐይቁ ትንኝ ወንፊት ትመታበታለህ፣ ግን ወንፊት አየር ስለሚቀንስ ክፍቱን አስፋው፣ በየጊዜውም አቧራውን ጥረግ።

ሌላው ክረምት ነው። ግድግዳው ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ከሆነ ካቢኔውን በቀጥታ አታስጠጋው፣ የጀርባው ላሜራ ይዝጋል። በመካከሉ ኮምፔንሳቶ ወይም 2 ሴንቲ ክፍተት ይኑር።

የሽምብጥ ልጅ፦ እህቴ ተባረኪ። ግድግዳው የውስጥ ነው፣ ከጀርባው መኝታ ቤት አለ። እንግዲህ በምን ልሰረው?

ብረት በያጅ፦ የውስጥ ከሆነ ቀላል ነው። ባለ 8 ሚሊ ሙሉ ጥርስ ዘንግ በግድግዳው አሳልፍ፣ ድሪሉ ያለ መዶሻ ይሁን። ግድግዳው ከነልስኑ 19 ሴንቲ ገደማ ስለሚሆን ዘንጉን 25 አስቆርጠው። በመኝታ ቤቱ በኩል 10 በ10 የሆነ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ አስገባ። ብሎኬቱ እስኪሰነጠቅ አታጥብቀው። አራት ዘንግ፣ አራት ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ ለሁለቱም ጎን። ላሜራው መኝታ ቤት ውስጥ እንዳይታይ ካልክ ልስኑን ፍቀህ አስገባውና መልሰህ ልሰነው። ይህንን የማይፈልግ ሰው ብሎኬቱን ፈልፍሎ በኮንክሪት ይሞላል፣ ውሃ እያጠጣ 7 ቀን ይጠብቃል፣ ከዚያ ብረት ፊሸር ይመታል። አንተ ግን ነገ ነው የምትሰቅለው።

ማሂ ኔት፦ የካቢኔውን አካልና በሩን በቢጫ አረንጓዴ ሽቦ ከኧርዝ ጋር አገናኘው። በሩ በማጠፊያው ብቻ ተገናኝቷል ብለህ አትተወው፣ ቀለሙ ይከለክላል።

ጣና ሞገድ፦ እሺ፣ ፊሸሩን ትቻለሁ 😄 የሽምብጥ ልጅ፣ የኤንቪአሩ ልክ ስንት ሆነ? ካቢኔውን ገዛህ?

ዘጌ ማዶ፦ ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኛ ቤት ጭቃ ነው፣ ያው 9ዩ ይያዝልናል?

ብረት በያጅ፦ ግድግዳው ላይ አይሰቀል። ከ30 በ30 ቱቦላሬ ባለ አራት እግር መቆሚያ አስበይድ፣ የታችኛው ስፋቱ ከካቢኔው ጥልቀት አይነስ። ክብደቱን በሙሉ ወለሉ ይሸከም፤ ከላይ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ በሁለት ረጅም ቪስ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ያዘው። እንጨቱን ለማግኘት በጣትህ እያንኳኳህ ሂድ፣ ካገኘኸው በኋላ በቀጭን ምስማር ሞክረህ አረጋግጥ። ምስጥ የበላው ከሆነ ወደሚቀጥለው ቋሚ እለፍ።