የሲሪያል ኬብል ኮኔክተር ይነዝራል፤ ከፓነሉ ኧርዝ ጋር ላያይዘው?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር
ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳርቻ በሚገኝ የአትክልት እርሻ ላይ፣ ከጣና ውኃ የሚስበው ፓምፕ መቆጣጠሪያ ፓነል 80 ሜትር ገደማ ከሚርቀው የቢሮ ኮምፒውተር ጋር በአርኤስ-232 (ዳታ በተራ የሚያስተላልፍ የሲሪያል መስመር) ኬብል ይገናኛል። በአንድ እጄ የፓነሉን በር ይዤ በሌላው ያልተሰካውን ባለ 9 ፒን ኮኔክተር ስነካ እስከ ክንዴ ይነዝረኛል፤ መሬቱ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ሺልዱ (የኬብሉን ሽቦዎች የሸፈነው የብረት መረብ) በሁለቱም ኮኔክተሮች ብረት ላይ ተበይዷል። የኮኔክተሩን ብረት በሽቦ ከፓነሉ ኧርዝ ጋር ባያይዘው ችግሩ ይፈታል?

መልስ፦ ቴስተር
ወንድሜ፣ ሽቦውን አያያይዙ። ንዝረቱ የሚመነጨው ከኬብሉ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ይመስለኛል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች (ጥቂት የኤሲ ከረንት የሚያሳልፉ ክፍሎች) ስላሉ፣ ሶኬቱ የኧርዝ መስመር ከሌለው አካሉ የ220 ቮልት ግማሽ፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ሺልዱም ይህንኑ እስከ ፓምፑ ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ከረንት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር በታች ቢሆንም፣ የተበላሸ ኢንሱሌሽንም እንዲሁ ሊነዝር ስለሚችል በግምት መተው አይገባም። ኮኔክተሩን ሳይሰኩ በብረቱና በፓነሉ ኧርዝ መካከል ያለውን የኤሲ ቮልቴጅ ይለኩ። ዲጂታል መልቲሜትር ከፍተኛ ቮልት አሳይቶ፣ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ባለው (ሲለካ የተወሰነ ከረንት በሚስብ) ቴስተር ሲለካ ከወደቀ የካፓሲተሮቹ ፍሳሽ ነው፤ ካልወደቀ ግን ወዲያውኑ ብሬከሩን ያጥፉ። ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዲቫይደርም (ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ሶኬት) ከግድግዳው ነቅለው ይፍቱት፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ ሽቦ የሌለው ገበያ ላይ ሞልቷል።
እርስዎ ያሰቡት ሽቦ ሺልዱን የኮምፒውተሩ ኧርዝ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፌዝ አካሉን ቢነካ ያ ሁሉ ከረንት በዚያ ቀጭን ሺልድ ያልፋል፤ ኬብሉ በተነቀለ ጊዜ ደግሞ መከላከያውም አብሮ ይነቀላል።

ጣና ዳር
ለካሁት፤ በመልቲሜትር 96 ቮልት፣ በሌላው ቴስተር 2 ቮልት ነው። ዲቫይደሩ ውስጥ የኧርዝ ሽቦ የለም፤ የግድግዳው ሶኬት ግን አለው።

መልስ፦ ፓነል ሠሪ
እንግዲያውስ ዲቫይደሩን ይቀይሩ፣ የግድግዳው ኧርዝ እውነተኛ መሆኑንም በባለሙያ ያስለኩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የርቀቱ ጉዳይ ነው፦ ለአርኤስ-232 የተለመደው ወሰን 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ለረጅም ርቀት ወደተሠራው የሲሪያል መስመር፣ ወደ አርኤስ-485፣ መዛወር ይሻላል። እሱም ቢሆን ተቀባዩ በመስመሮቹ ላይ ከራሱ መሬት አንጻር የሚታገሠው ቮልቴጅ ከአሉታዊ 7 እስከ አዎንታዊ 12 ቮልት ብቻ በመሆኑና የሁለቱ ጫፎች መሬት ልዩነት ከዚህ ሊያሳልፈው ስለሚችል፣ አይሶሌሽን ያላቸው (ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያዩ) ኮንቨርተሮች ይግዙ፤ ሺልዱንም በአንድ ጫፍ ብቻ፣ በፓነሉ በኩል ኧርዝ ያድርጉት፤ በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ የመሬቶቹ ልዩነት በሺልዱ ላይ ከረንት ይነዳል። የክረምቱን መብረቅ ግን አይሶሌሽን ብቻውን አይችለውም። በሁለቱም ጫፍ ሰርጅ አሬስተር (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚያሳልፍ መከላከያ) ያስፈልጋል፤ በጀቱ ከፈቀደ ብረት የሌለበት የፋይበር ኬብል ይዘርጉ፤ ያኔ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሻገር ቮልቴጅ አይኖርም።