ከቻርጀር ስነቅለው 43 በመቶ ላይ ድርግም ይላል! ለነገ ጠዋት የሚሰጥ ሥራ አለኝ

እኩለሌሊት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ። ላፕቶፔ ቻርጀር ላይ ሲሆን ምንም አይልም። ስነቅለው አስር ደቂቃ ያህል ይቆይና ድርግም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ቅድም 43 በመቶ ላይ ጠፋ፣ ከዚያ በፊት 51 ላይ። መልሼ ስከፍተው 6 በመቶ ይላል። ባትሪው አምና ስለተቀየረ ባትሪው አይደለም። ነገ ጠዋት የማስረክበው 80 ገጽ ጽሑፍ እዚሁ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ፈጣን መልስ፦
ፎርማት አድርገው።

የድሮ እጅ፦
ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ገብተህ "አመመኝ" ብለህ ዝም ትላለህ? ሞዴሉስ? ዕድሜውስ? የትኛው ዊንዶውስ ነው? ደግሞ ላፕቶፕ ቀን ከሌት ተሰክቶ አይውልም። 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት ሲቀመጥ ሊቲየም ቶሎ ያረጃል። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍኩ። የሚሰማ የለም እንጂ።

እኩለሌሊት፦
እህትህ ነኝ። አምስት ዓመቱ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ምክሩን ለሚቀጥለው ላፕቶፔ እይዘዋለሁ፤ አሁን ይሄኛውን አድኑልኝ።

ሳቅ በሳቅ፦
እንኳን ደስ አለሽ፣ ዴስክቶፕ ሆኖልሻል።

አቧራ ጠራጊ፦
ሙቀት ነው። ፋኑን ክፈቺና አጽጂው። የኔም እንዲህ ነበር።

ብሎን ፈቺ፦
ሙቀት ቢሆን ቻርጀር ላይም ይጠፋ ነበር። እንዲያውም ፕሮሰሰሩ ይበልጥ የሚሮጠው ሲሰካ ነው።

እህቴ፣ "አምና ስለተቀየረ ባትሪው አይደለም" ያልሽው ላይ አልስማማም። አምና የገዛሽው ባትሪ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ መደርደሪያ ላይ እንደቆየ በምን ታውቂያለሽ? ሊቲየም ሳይነካም ያረጃል። 43 የሚለው ቁጥር ደግሞ ግምት ነው። ባትሪው ሲያረጅ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ውስጣዊ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) ይጨምራል። ጀሪካን አስቢ። ግማሽ ውሃ አለው፣ አፉ ግን ጠቧል። ቀስ ብለሽ ስትቀጂ ይወርዳል፣ ቶሎ ስትፈልጊ እምቢ ይላል። ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ነው። ብሮውዘርና ቪዲዮ አንድ ላይ ስትከፍቺ ላፕቶፑ ብዙ ኃይል ይስባል፣ የደከመው ሴል ቮልቴጅ ወደ 3 አካባቢ ይዘቅጣል፣ መከላከያ ሰርኪዩቱም ይቆርጠዋል። ዊንዶውስ አሁንም 43 ስለመሰለው አያስጠነቅቅሽም።

እንዲህ አድርጊ። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈቺ። ፓወርሲኤፍጂ ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ከዚያ ባትሪሪፖርት፤ እያንዳንዱን ቃል ሳትከፋፍዪ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግርሻል። ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች አምጪልኝ።

ፈጣን መልስ፦
ፎርማት ብያችኋለሁ። 80 ገጹን ፍላሽ ላይ ገልብጪና ፎርማት።

የድሮ እጅ፦
ግማሹ ልክ ነው። መገልበጡ።

እኩለሌሊት፦
41,040 እና 15,600። ሳይክል የሚለው ጋ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

ብሎን ፈቺ፦
አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው 38 በመቶው ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ሰረዙ አያስጨንቅሽ፣ ሳይክሉን (ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀ) ብዙ ላፕቶፕ አይቆጥረውም። ለማረጋገጥ ደግሞ ነቅለሽ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብተሽ ተይው። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስ ነፃ ወጣ፤ ፎርማት የሚለው ወንድማችንም ያርፋል።

ለዛሬ ማታ ግን ሳትነቅይ ሥሪ። መንቀል ግድ ከሆነ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ፣ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ለባትሪ 50 አድርጊው። ቀስ ስለሚስብ ትንሽ ይቆይልሻል።

አቧራ ጠራጊ፦
ካሊብሬት ብታደርገውስ? እስከ 100 ሞልታ፣ ጨርሳ፣ መልሳ መሙላት።

ብሎን ፈቺ፦
ቁጥሩን ያስተካክላል፣ ባትሪውን አያድስም።

እኩለሌሊት፦
እሺ፣ ሳልነቅል እሠራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም መሰለኝ፦ ታችፓዱ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ስጫነው አይንቋቋም። ጠረጴዛ ላይም ሳስቀምጠው ይወዛወዛል። አንዱ ጎማ የወለቀ መስሎኝ አይቼ ነበር፣ አራቱም አሉ።

ብሎን ፈቺ፦
አቁሚ። "ሳትነቅይ ሥሪ" ያልኩትን እርሺው።

ባትሪው አብጧል። ታችፓዱን ከታች እየገፋው ያለው እሱ ነው። ጽሑፉን አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ለራስሽም በኢሜይል ላኪው። ከዚያ አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀይ። አትጫኚው፣ ስፒል አታስጠጊበት፣ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነገር አጠገብ አታስቀምጪው። ባትሪውን ባለሙያ ያውጣው፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም። ሥራሽን ከሰው ኮምፒውተር ተውሰሽ ጨርሺ። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ወጥቶ በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ፣ ግን ያ የነገ ጉዳይ ነው።

የድሮ እጅ፦
ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ...

እኩለሌሊት፦
እየገለበጥኩ ነው። 12 በመቶ ላይ ነው።

ሳቅ በሳቅ፦
የባትሪው ነው የፋይሉ?

ብሎን ፈቺ፦
እህቴ፣ አለቀ? አጠፋሽው?

አዲስ ገቢ፦
ከሦስት ወር በኋላ ነው ያገኘሁት፣ የኔም 40 ላይ ይጠፋል። ታችፓዱ ግን ደህና ነው። ጠያቂዋ ምን ላይ ደረሰች?

ፈጣን መልስ፦
ፎርማት አድርጋው ይሆናል።