ኒንጃ 250 ደንገጎ ዳገት ላይ ይሞቃል፤ ማርሚታውን ብቀይር ይሻለዋል?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ወር በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ያገለገለ ካዋሳኪ ኒንጃ 250 ገዝቻለሁ። እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ሲሆን ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ ካርቡሬተር ያለውና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ጠዋትና ማታ ከሳቢያን ከዚራ ስመላለስበት ምንም አይለው፤ ቀትር ላይ ግን በባጃጅ ተከብቤ ስቆም የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ሐረር ስወጣ ደግሞ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ከጭነት መኪና ኋላ ስጎተት ይሞቃል፣ ሐረር ደርሼ ቆሜ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው) ሳቆየው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንድ ጓደኛዬ ሞተሩ ስለታፈነ ነው ብሎ የፋብሪካውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በክፍት ማርሚታ፣ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ደግሞ በሁለት ትንንሽ ክፍት ፊልትሮዎች እንድተካ፣ የጎን ፕላስቲኩንም አውልቄ እንዳስቀምጥ መክሮኛል። ጎማዎቹን ሻጩ «የ2012 ናቸው፣ ገና ናቸው» ብሎኛል። ያለኝ ገንዘብ ለሁሉም ስለማይበቃ ከየት ልጀምር?

የከዚራው መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ከማርሚታው አርቀህ ያዝ። የነገርከን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ጓደኛህ ግን አንድ አድርጎ አይቷቸዋል።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንይ። የድሬ ውሃ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚያስቀምጠውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያው ውሃ ለዓመታት ራዲያተር ውስጥ ሲጨመርበት በቀጫጭን ቧንቧዎቹ ውስጥ ያንኑ ቅርፊት ይሠራል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ (ሲግል ከከፈትከው ፊትህን ያቃጥልሃል) ክዳኑን ከፍተህ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ውሃው ቀለም የሌለው ወይም ዝገት የመሰለ ከሆነ ባዶ የቧንቧ ውሃ ነው ማለት ነው። ለራዲያተር በተሠራ ማጽጃ እጠበውና ግማሽ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙላው፤ ባትሪ የሚሞላበትን ንጹሕ ውሃ ማለቴ ነው፣ አሲዱን አይደለም። ቀጥሎ ሞተሩን ቆሞ እንዲሠራ አድርገህ መለኪያው ከመሐል ሲያልፍ ፋኑ መነሣቱን ጠብቅ። ካልተነሣ ፋኑን በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ በዚያ ከዞረ ፊውዙን፣ ሶኬቱንና የሙቀት ስዊቹን ፈትሽ። አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው የፊቱና የጎኑ ፕላስቲክ ስለሆነ እርሱንም አታውልቀው።

ጉልበት ማነሱና ቤንዚን መሽተቱ ደግሞ በከፊል የአገሩ አቀማመጥ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆኑ በመካከላቸው የአየሩ ግፊት 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ይህን ራሱ ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፤ አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ ድርሻ ይበዛል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ይጠቁራል። ማንኛውም ሞተር በዚያ ከፍታ የተወሰነ ጉልበት ስለሚያጣ ይህን ማርሚታ አይመልሰውም። ከዚህ በላይ ከሆነ ግን ቆሻሻ ፊልትሮ ወይም ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ ካርቡሬተር አለ።

ስለ ክፍት ፊልትሮ ጠንከር ብዬ ልናገር። የኒንጃህ ካርቡሬተሮች ፒስተናቸውን የሚያነሡት በአየር ግፊት ልዩነት ሲሆን የተስተካከሉትም ከዚያ ሳጥን ጋር ነው። ሳጥኑ ሲወጣ በመካከለኛው ፍጥነት ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ አብልጦ ይግላል፣ አንተ ልትሸሸው የምትፈልገው ነገር ማለት ነው። አቧራችንን አልጨመርኩም።

የጀጎሉ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ፍሬን ነው። ባለፈው ክረምት ያገለገለ ስፖርት ሞተሬን «ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎለታል» ተብሎ ከአንድ ጋራዥ ተረክቤ ከሐረር ወደ ድሬ ስወርድ ከደንገጎ በታች ካሉት ኩርባዎች አንዱ ላይ የፊት ፍሬኑ እጀታ እስከ መያዣው ድረስ ለስልሶ ገባልኝ። የኋላው ፍሬንና ማርሹ እየተጋገዙልኝ በአህያ ዕርምጃ ደረስኩ። የፍሬን ዘይቱ ሲቀዳ እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። ያ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚመጥ ሲያረጅ በረዥም ቁልቁለት ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል። ዶት 4 ገዝተህ አስቀይረው፤ በየሁለት ዓመቱም ቀይረው። ሌላው የሞተር ዘይት ነው፤ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚነከር ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት እንጂ የመኪና ዘይት አታድርግ፣ ይንሸራተታል። ስለ ክፍት ማርሚታው ደግሞ፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ አንድ ጊዜ ይዘኸው ግባና ሴቶቹ የሚሉህን ስማ።

ጎማው ላይ የተጻፈውን አራት አሃዝ ግን ራስህ አንብብ።

የሳቢያን ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም አየሁ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ ሲሆን ከክዳኑ አፍ ላይ የጥፍር ውፍረት ያለው ነጭ ቅርፊት በጣቴ ላጥኩ። ፋኑ በቀጥታ ከባትሪ ሲገናኝ ዞረ፤ ሶኬቱ በአቧራና በአረንጓዴ ዝገት ተሞልቶ ነበር፣ ሳጸዳው ተነሣ። የኋላው ጎማ 1412 ይላል።

የከዚራው መካኒክ፦

1412 ማለት በፈረንጆች 2012 የተመረተ፣ የዓመቱ አሥራ አራተኛ ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ መጋቢት 2004 መጨረሻ። ሻጩ የፈረንጁን ዓመት በእኛ አስነብቦሃል። ያ ጎማ በድሬ ፀሐይ ደርቋል፣ የጎኑን ስንጥቅ በጥፍርህ ተከትለው፤ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት የሚቀየረው እርሱ ነው፤ የኋላው መጠን 130/70-17 ነው።

ማሻሻል ካማረህ ለዳገቱ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ካቴናው (ሰንሰለቱ) የሚዞርበት የፊት ጥርስ ከፋብሪካ ሲመጣ ባለ 14፣ የኋላው ባለ 45 ነው፤ የፊቱን በ13 ብትተካው በየማርሹ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ታገኛለህ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ትንሽ ይጨምራል። ያረጀ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ አታስገባ፤ ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ጎትተህ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ካቴናውንና ሁለቱን ጥርሶች አንድ ላይ ቀይር።

የሳቢያን ልጅ፦

የጥርሱ ግማሽ አይታይም፣ ሩቡ ያህል ነው። ስለዚህ ጎማውንና የፍሬን ዘይቱን በዚህ ወር፣ 13ቱን በሚቀጥለው አደርጋለሁ። ቅዳሜ ሐረር በባስ ነው የምሄደው።