ሾፌሩ ደንብ ቢጥስ ቅጣቱ የማን ነው?

አወያይ፦ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ የተነዳ፣ ከልክ በላይ የጫነ ወይም ፍሬኑ የላላ የጭነት መኪና ሲያዝ ቅጣቱ ማን ላይ ይክበድ? መሪ በያዘው ወይስ በባለንብረቱ?

ፍሬን፦ መሪ በያዘው። መኪናው ብቻውን አይሄድም። አሜሪካ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀዳል፤ ምን አነሰው? እንቅልፍ ከመጣበት ዳር ይዞ ይተኛ፤ ማን ከለከለው?

ባለተሳቢ፦ ኪሱ ነዋ! በኪሎ ሜትር ለሚከፈለው ሰው የቆመበት ሰዓት ባዶ ነው። ለማራገፍ ግማሽ ቀን ተገትሮ ይውልና «ለነገ ጠዋት ድረስ» ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ገብቶታል፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ደንብ ቁጥር 561 ለአደጋ የሚገፋፋ ከሆነ ክፍያን በርቀትም በጭነት መጠንም መተመን ይከለክላል። ሾፌሩ ላጠፋውም ድርጅቱን ይጠይቃል።

ፍሬን፦ እሺ፣ ታኮግራፉ (የመንዳት ሰዓት መዝጋቢው መሣሪያ) እንዳይመዘግብ ማግኔት የሚለጥፈውስ? አለቃው ነው ሄዶ የለጠፈለት? «ታዝዤ ነው» የሚል ሁሉ ነጻ ሊወጣ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ከቢሮው በኩል ልናገር። ትንሽ ቅጣት እኛ ጋ እንደ ነዳጅ ወጪ ይታያል፤ ተከፍሎ ይረሳል። አለቃን የሚያስደነግጠው የመኪናው መቆም ነው። አሜሪካ ከፍሬኖቹ 20 በመቶው ጉድለት ከተገኘበት መኪናው እዚያው ይታገዳል፣ ሳይጠገን አይነቃነቅም። እንግሊዝ ደግሞ የድርጅቱን ፈቃድ ጭራሽ ሊነጥቁት ይችላሉ። ያን ቀን የቢሮ ስልክ ሲያቃጭል መስማት ነው! በሾፌሩና በባለንብረቱ ስትጣሉ የጭነቱን ላኪ ረስታችሁታል እንጂ፣ የማድረሻውን ሰዓት የቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ባለተሳቢ፦ ልክ ነህ። አሜሪካ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሾፌር አስገድዶ ደንብ የሚያስጥስ ላኪም፣ ተቀባይም፣ ደላላም ይቀጣል።

ፍሬን፦ መገደዱን ካስረዳ አይደል? በስልክ ለተባለ ነገር ምን ማስረጃ አለው? ፍሬን ግን ሌላ ነው፤ ሳይነሳ ማየት የሾፌሩ ግዴታ ነው።

ባለተሳቢ፦ አይቶ ጉድለቱን በጽሑፍ ካመለከተስ? እዚያው አሜሪካ ድርጅቱ መጠገኑን ፈርሞ ሳያረጋግጥ መኪናው መውጣት የለበትም።

ፍሬን፦ እንግዲያው ካልጻፈ የእሱ፣ ጽፎ ካልጠገኑለት የእነሱ ይሁን።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ጽፎ፣ ሳይጠገንለት ዝም ብሎ ከነዳውስ?

ፍሬን፦ የሁለቱም!

ባለተሳቢ፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን እኩል አይደለም።