«አዲስ የሐሞት ትንኝ ዘር ተገኘ» ማለት ትክክል ነው?

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ተመራማሪዎች አንድን አዲስ የትንኝ ወገን (በእንግሊዝኛ «ጂነስ»፣ የተቀራረቡ ዝርያዎችን የሚሰበስበውን እርከን) እንዴት ገልጸው እንደሚመድቡ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ባልደረባዬ ርእሱን «አዲስ የሐሞት ትንኝ ዘር ተገኘ» ብሎ አርሞልኛል፤ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ (ከጎንደር)፦

ልጄ፣ ያልተዋጠልህ በምክንያት ነው፤ ከአምስቱ ቃላት ያለ ማብራሪያ የሚያልፈው «ትንኝ» ብቻ ነው።

«ሐሞት» ፈጽሞ መውጣት አለበት። እንግሊዞች «ጎል» (gall) የሚሉት ቃል አንድም ሐሞት ነው፤ አንድም በቅጠል፣ በግንድ ወይም በአበባ ላይ የሚወጣ እባጭ ነው፤ እዚህ የተፈለገው ሁለተኛው ነው። የትንኙ እጭ (ከእንቁላል የወጣው ትል) ተክሉን ሲመገብ ተክሉ በዙሪያው ያብጣል፤ እባጩም ለእጩ ቤትም ቀለብም ይሆነዋል። ስለዚህ «እባጭ ትንኝ» በል። እርግጥ ነው፣ ከ6000 በላይ ዝርያዎች በተገለጹበት በዚህ አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ውስጥ ፈንገስ እየበሉ የሚያድጉ፣ እባጭ የማያወጡም አሉ፤ ስሙ ግን ለሁሉም ጸንቷል።

«ዘር» በገበሬው አፍ የሚዘራ እህል፣ በሌላው አፍ ደግሞ የትውልድ ሐረግ ስለሆነ ተማሪውን ያወዛግበዋል፤ «ዝርያ» ለታችኛው እርከን ተይዟል። በአንድ አባት የሚገናኙትን ሰብስቦ ከሌላው የሚለየው «ወገን» ነውና እሱን አትልቀቅ።

ከሁሉ ይልቅ የምከራከረው ስለ «ተገኘ» ነው። ትንኟን በመረብ መያዝ ማግኘት ነው፤ ወገን የሚሆነው ግን በጽሑፍ ሲገለጽ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1930 በኋላ የታተመ የወገን ስም ጸንቶ እንዲቆም፣ ወገኑን ከሌሎች የሚለዩት ምልክቶች በቃላት እንዲሰፍሩና አንድ ዝርያ ለስሙ ተጠሪ ሆኖ እንዲሰየም ያዛል። ምልክቶቹም በዓይን የሚታዩ አይደሉም። ተመራማሪው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝመውን ትንኝ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል አጥርቶ፣ በመስታወት ላይ በካናዳ በለሳን (በጠራ የዛፍ ሙጫ) ካጣበቀ በኋላ፣ በወንዱ አንቴና አንጓዎች ላይ የሚጠማዘዙትን ስስ ክሮች፣ የክንፉን ጥቂት ሥሮች፣ ከሁሉም በላይ የወንዱን የመራቢያ አካል ቅርጽ፣ እጩም ከተገኘ በደረቱ ሥር ያለችውን ጠንካራ ማንኪያ መሰል አካል በማይክሮስኮፕ እያየ ይጽፋል፣ ይስላልም። ይህን ሁሉ ድካም «ተገኘ» አይሸከመውም፤ «ተገለጸ» በል።

«አዲስ» ይቆይ፤ ነገር ግን አዲስነቱ ለሳይንስ መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳቸው። በምዕራብ አፍሪካ ሩዝን የሚያጠቃው እባጭ ትንኝ ከእስያው ዝርያ ጋር እንደ አንድ ሲቆጠር ኖሮ፣ «ኦርሴኦሊያ ኦሪዚቮራ» ተብሎ ለብቻው የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ገበሬው ግን ቀድሞም በማሳው ያውቀው ነበር።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ታዲያ «ገልጸው መደቡ» ስል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገሬ አይሆንም?

መልስ (ከጎንደር)፦

አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በተለያየ ዘመንም ሊሠሩ ይችላሉ። ስንዴን የሚያጠፋውን፣ ዝንብ ቢባልም ከእባጭ ትንኞች አንዱ የሆነውን ሄሲያን ዝንብ አሜሪካዊው ቶማስ ሴይ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጸው «ሴሲዶሚያ» በተባለው ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። ኪፈር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1896 «ማዬቲዮላ» የሚባለውን ወገን አቋቋመ፤ ዝርያው ዛሬ የሚመደበው በዚያ ነው። የምደባው ቦታ ተለወጠ፤ ገላጭነቱ ግን ከሴይ አልተወሰደም። ስሙ «ማዬቲዮላ ዴስትራክተር (ሴይ)» ተብሎ ሲጻፍ ቅንፉ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ዝርያውን የገለጸው ሴይ ነው፤ ያኔ የነበረው ግን በሌላ ወገን ውስጥ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ቅንፉን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥረው ይጥሉታል፤ አንተ በአማርኛውም እንዳለ አስቀምጠው።